ሟች ያስተዳድራቸው ለነበሩ ሰዎች የሚጠየቅ ካሳ፦ ስሌቱ ከየት ይጀምራል?

በሞት አደጋ የካሳ ክሶች ላይ የሚታይ አንድ የታወቀ መስመር አለ፦ «ሟች በወር 15,000 ብር ያገኝ ነበር፤ ጡረታ እስኪወጣ 24 ዓመት ይቀረው ነበር፤ ስለዚህ 4,320,000 ብር ይከፈለን።» ማባዛቱ ልክ ነው፤ ጥያቄው ግን ልክ አይደለም። ሟች ከዚያ ገንዘብ ራሱ ይበላ፣ ይለብስ፣ ይጓዝ ነበር። ልጆቹም 24 ዓመት ሙሉ ልጅ ሆነው አይቆዩም። የተከሳሽ ጠበቃ ይህን በሁለት ዐረፍተ ነገር ያፈርሰዋል። ዳኛው ቁጥሩን ውድቅ ሲያደርጉ ደግሞ በምትኩ የሚይዙት ሌላ ስሌት መዝገቡ ውስጥ ካላገኙ በራሳቸው ግምት ይቆርጣሉ። ያ ግምት ከቤተሰቡ ችግር ጋር እንዲመጣጠን የሚያደርገው ምንም ነገር የለም።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ ስሌቱ ነው። የሕግ ባለሙያ ላልሆነ ሰውም እንዲገባ ደረጃ በደረጃ እንሄዳለን።

ሕጉ ምን ይላል?

መነሻው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት የሚናገረው ክፍል ነው። ቁጥር 2095 አደጋው ሞት ሲያስከትል የሟች ባል ወይም ሚስት፣ ወደ ላይ የሚቆጠሩ ወላጆቹና ወደ ታች የሚቆጠሩ ተወላጆቹ፣ በሞቱ ምክንያት ለደረሰባቸው የገንዘብ ጉዳት በራሳቸው ስም ካሳ መጠየቅ እንደሚችሉ ይደነግጋል። ካሳው የቀለብ ጠባይ አለው። ሟች በሕይወት ቢኖር ኖሮ ለእነዚህ ሰዎች ያወጣው የነበረውን የሚተካ ነው። ቀለብ ሲባል እህል ብቻ አይደለም። በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ቀለብ ምግብን፣ መጠለያን፣ ልብስን፣ ሕክምናንና ትምህርትን ያጠቃልላል። የትምህርት ቤት ክፍያንና የቤት ኪራይን ከስሌቱ የሚያስቀር ሰው ይህን የዘነጋ ነው።

ከዚሁ ቁጥር ውስጥ «በራሳቸው ስም» የሚለው ሐረግ ብዙ መዝገብ ያበላሸ ነገር ስለሆነ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ይህ ካሳ የሟች ውርስ አይደለም። ሟች ከመሞቱ በፊት በእጁ አልነበረም፤ ለወራሾችም አልተላለፈም። እያንዳንዱ ሰው የሚጠይቀው የራሱን ጉዳት ነው። ስለዚህ የወራሽነት ማስረጃ ተይዞ «ለአምስታችን እኩል ይከፈለን» ተብሎ ሲቀርብ ስሌቱ ከመነሻው ይሳሳታል። የ4 ዓመት ልጅ ያጣው የ15 ዓመት ወንድሙ ካጣው ጋር እኩል አይደለም፤ 14 ዓመት ከ3 ዓመት ጋር እኩል አይሆንምና። ከሟች ገንዘብ የሚፈልግ አበዳሪም ቢኖር ይህን ካሳ እንደ ውርስ ሀብት ቆጥሮ እጁን ሊያስገባበት አይገባም። ሌላም ውጤት አለው፦ በክሱ ላይ በከሳሽነት ስሙ ያልተጻፈ ልጅ የሚወሰንለት ነገር የለም። «እናቱ ስላለች የእሱም ተካቷል» ብሎ ማለፍ ከባድ ስህተት ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሱት በሞግዚታቸው በኩል፣ እያንዳንዳቸው በስማቸውና በየራሳቸው ቁጥር መግባት አለባቸው።

የተረገዘ ልጅም አይረሳ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2 መሠረት የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ በጠየቀ ጊዜ ሁሉ እንደተወለደ ይቆጠራል፤ ሁኔታው በሕይወት መወለዱና ለመኖር የሚችል መሆኑ ነው። አባቱ ሲሞት በማኅፀን የነበረ ልጅ ሙሉ 18 ዓመት ይታሰብለታል።

ቁጥር 2095 የዘረዘራቸው ውስጥ ወንድምና እህት የሉም። በቤተሰብ ሕጉ ወንድማማቾችና እህትማማቾች ቀለብ የመስጠት ግዴታ ስላለባቸው ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ታናሽ እህቱን ከገጠር አምጥቶ ሲያስተምር የነበረ ሰው ሲሞት፣ የእህትየዋ ወጪ በስሟ ከተጠየቀ ውድቅ ይሆናል። ይህ በእኛ አገር አኗኗር በጣም የሚያሳዝን ክፍተት ነው፤ ሆኖም ሕጉ ላይ የሌለውን ሰው ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶ የሌሎቹን ጥያቄ ማደናገር አይበጅም። የጉዲፈቻ ልጅ ግን እንደ ተወላጅ ልጅ ነው፤ ማስረጃው ከተሟላ ያለ ልዩነት ይካተታል።

ስሌቱ፣ በአንድ ምሳሌ

በግጭት የሞተ የ36 ዓመት ሰው እንውሰድ። ከግብርና ከጡረታ መዋጮ በኋላ በወር 15,000 ብር በእጁ ይገባል። ሚስት አለችው። የ4፣ የ9 እና የ15 ዓመት ልጆች አሉት። ገጠር ለምትኖር የ66 ዓመት እናቱ በየወሩ 1,000 ብር ይልካል።

መጀመሪያ የዓመት ገቢውን እንይዛለን፦ 15,000 ሲባዛ በ12፣ 180,000 ብር። የምንይዘው የተጣራውን ነው። ጥቅል ደመወዙን ይዞ የሚነሳ ክስ በመጀመሪያው መልስ ላይ ይሰነጠቃል፤ ግብሩ ለቤተሰቡ ደርሶ አያውቅምና።

ቀጥሎ ከቤት ውጭ የሚሄደውን እናወጣለን። ለእናቱ በዓመት 12,000 ብር። የሚቀረው 168,000 ብር ቤት ውስጥ የሚበላ ነው።

አሁን ከዚህ ውስጥ የሟችን የግል ወጪ መለየት አለብን። ሕጉ የወሰነው መቶኛ የለም። ለዳኛ ለማስረዳት የሚቀለው ዘዴ በድርሻ መክፈል ነው፦ ለአዋቂ ሁለት ድርሻ፣ ለልጅ አንድ ድርሻ። ባል ሁለት፣ ሚስት ሁለት፣ ሦስት ልጆች ሦስት፤ በድምሩ ሰባት። 168,000 ለ7 ሲካፈል አንዱ ድርሻ 24,000 ብር ይሆናል። የሟች የግል ወጪ 48,000 ብር ነው፤ ይህ ከካሳው ይወጣል። የሚስት የዓመት ድርሻ 48,000፣ የእያንዳንዱ ልጅ 24,000። የቤቱ እውነተኛ ወጪ ሌላ የሚያሳይ ከሆነ፣ ለምሳሌ አንዱ ልጅ የግል ትምህርት ቤት የሚማር ወይም ቋሚ ሕክምና የሚከታተል ከሆነ፣ ድርሻውን በማስረጃ ማስተካከል ይቻላል። ድፍን «አንድ ሦስተኛውን ለራሱ ያወጣ ነበር» ከሚል አነጋገር ይህ የሚሻለው፣ ተከሳሹ ሊቃወም ቢፈልግ እንኳ ቁጥር በቁጥር እንዲቃወም ስለሚያስገድደው ነው።

ከዚያ ዓመታቱ ይመጣሉ። ልጆቹን እስከ 18 ዓመት እንቆጥራለን። የ4 ዓመቱ 14 ዓመት ይቀረዋል፦ 336,000 ብር። የ9 ዓመቷ 9 ዓመት፦ 216,000 ብር። የ15 ዓመቱ 3 ዓመት፦ 72,000 ብር። የሦስቱ ድምር 624,000 ብር። ከ18 ዓመት በላይ መጠየቅ የሚያስኬድበት ጊዜ አለ፤ ለምሳሌ ልጁ ራሱን ችሎ እንዳይሠራ የሚያደርግ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ካለበት። ይህ ሲሆን ለብቻው በሐኪም ማስረጃ መቅረብ አለበት እንጂ በሌሎቹ መሃል ተሸፍኖ ማለፍ የለበትም።

ለሚስት፣ ሟች 60 ዓመት ሞልቶት ጡረታ እስኪወጣ ያለውን 24 ዓመት እንይዛለን፦ 48,000 ሲባዛ በ24፣ 1,152,000 ብር። ሰፊው ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ሚስትየዋ የራሷ ደመወዝ ካላት፣ የቤቱ ገቢ የሁለቱ ድምር ስለሚሆን ድርሻው ከመጀመሪያው ከድምሩ ላይ መሠራት አለበት። የእሷን ገቢ ደብቆ መክሰስና በመስቀለኛ ጥያቄ መያዝ ለልጆቹ ጥያቄ ጭምር ጥላ ያጠላል። ሟች ጉልበት በሚፈጅ ሥራ ላይ ከነበረም ተከሳሽ «እስከ 60 አይሠራም ነበር» ይላል፤ በዚያው ሙያ በዕድሜ የገፉ ሰዎች እየሠሩ መሆኑን የሚናገር የሥራ ባልደረባ ምስክር አስቀድሞ ማዘጋጀት ይጠቅማል።

ለእናት በዓመት 12,000 ብር። ዓመቱን የሚወስን ቁጥር በሕግ ስላልተቀመጠ ምክንያት ያለው ቁጥር መያዝ ነው። 10 ዓመት ብንል 120,000 ብር። እዚህ ላይ የሚረሳው ነገር ሌሎች ልጆቿ ናቸው። እናትየዋን አራት ልጆች በጋራ የሚጦሯት ከሆነ የምትጠይቀው ይህኛው ልጅ ይሰጥ የነበረውን ብቻ እንጂ ሙሉ ወጪዋን አይደለም። በምሳሌያችን የያዝነው በእርግጥ የተላከውን 1,000 ብር ስለሆነ ይህ ችግር አይገጥመንም።

ጠቅላላው፦ 624,000 ሲደመር 1,152,000 ሲደመር 120,000፤ 1,896,000 ብር።

ክሱ ከመተየቡ በፊት አንድ ማጣሪያ ይደረግ። በመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም የሚከፈለው ድምር ስንት ነው? 48,000 ሲደመር 72,000 ሲደመር 12,000፣ 132,000 ብር። ሟች ከገቢው የግል ወጪውን ሲያወጣ የሚተርፈውስ? 180,000 ሲቀነስ 48,000፣ እሱም 132,000 ብር። ሁለቱ ገጠሙ። የመጀመሪያው ድምር ከሁለተኛው ከበለጠ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ኪራይ ወይም አስቤዛ በሚስትም በልጆችም ድርሻ ላይ ተጨምሮ ይገኛል።

1,896,000 ብር ከ4,320,000 ብር ከግማሽ በታች ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ መስመር ማስረጃ አለው። የዳኝነት ክፍያውም በተጠየቀው ገንዘብ ልክ የሚሰላ ስለሆነ፣ ያበጠ ቁጥር ቤተሰቡን ገና ሳይጀመር ያስከፍለዋል። አቅም የሌለው ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 467 መሠረት የዳኝነት ሳይከፍል ለመክሰስ መጠየቅ ይችላል፤ ይህ መብት ነው፣ ልመና አይደለም።

የነገን ገንዘብ ዛሬ በአንድ ጊዜ ስለምትቀበሉ ይቀነስ የሚል ክርክርም ይመጣል። መልሱ ከስሌቱ ውስጥ አለ፦ ለ24 ዓመት የያዝነው የዛሬውን ደመወዝ ነው፤ ዕድገት አልጨመርንም። የዋጋ ንረቱ ከባንክ የቁጠባ ወለድ በላይ ሲሄድ በኖረበት አገር የደመወዝ ጭማሪን ሳያስቡ ቅናሽ ብቻ ማስላት ቤተሰቡን ሁለት ጊዜ መጉዳት ይሆናል። ይህን ክርክር ከመልሱ በኋላ ሳይሆን ክሱ ላይ አስቀድሞ በአንድ አንቀጽ መጻፍ ጥሩ ነው።

ደመወዝ የሌለው ሰው ሲሞት

የደመወዝ ሠራተኛ ጉዳይ ቀላሉ ነው፤ የአሠሪ ደብዳቤ፣ የደመወዝ መክፈያ ሰነድና የባንክ መግለጫ ይበቃል። ደብዳቤው ስለ ገቢው ብቻ ሳይሆን ስለ ቅጥሩ ዓይነት፣ ቋሚ ስለመሆኑ፣ ስለተጣራው ክፍያ ይናገር። የቀን ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ የቀን ሂሳቡን በ30 ማባዛት ስህተት ነው። በዓላት፣ የክረምት ወራትና ሥራ የሚጠፋባቸው ሳምንታት አሉ። በወር በአማካይ ስንት ቀን ይሠራ እንደነበር የሚያውቅ ፎርማን ወይም ባልደረባ ቢመሰክር፣ 22 ቀን ተብሎ የተያዘ ሂሳብ ከ30 ቀን ሂሳብ ይልቅ ይታመናል።

ገበሬ ሲሞት ሂሳቡ ሌላ መልክ አለው። መሬቱ አልሞተም፤ የጠፋው ጉልበቱና አዋቂነቱ ነው። ስለዚህ የዓመቱን ምርት በሙሉ እንደጠፋ ቆጥሮ መጠየቅ አያስኬድም። ጥሩው መንገድ በአካባቢው ልማድ መሄድ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት መሬቱን ለእኩል ብትሰጥ ግማሹ ምርት የአራሹ ይሆናል። በዓመት 20 ኩንታል ያገኝ የነበረ ቤት 10 ኩንታል አጣ ማለት ነው። ያ 10 ኩንታል በአካባቢው ገበያ ዋጋ ይመታል። ከዚያ ላይ ራሱ ሟች ይመገብ የነበረው ይቀነሳል። የእኩል ውሉ የዘርና የማዳበሪያ ወጪን እንዴት እንደሚከፋፍል መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ወጪው በሴትየዋ ላይ ከሆነ ያጣችው ከግማሽም በላይ ነው። የመሬት ይዞታ ደብተሩ፣ የቀበሌ የግብርና ባለሙያ የሚሰጠው የምርት ማረጋገጫና የወረዳው የገበያ ዋጋ መረጃ አብረው ይቅረቡ።

የቤት እመቤት ሞት ከሁሉ ይልቅ የሚበደል ጉዳይ ነው። «ገቢ አልነበራትም» ተብሎ ይዘጋል። ይህ ትክክል አይደለም። የምታበስል፣ የምታጥብ፣ ልጅ የምታሳድግ፣ የታመመ የምታስታምም ሰው ስትሞት ቤቱ ያንን ሁሉ በገንዘብ ሊገዛ ይገደዳል። ጉዳቱ የገንዘብ ጉዳት ነው፤ ይሰላልም። ለምሳሌ ለቤት ሠራተኛ በወር 4,000 ብር የሚከፈልበት ሰፈር ከሆነ በዓመት 48,000 ብር ነው። የመጨረሻው ልጅ 3 ዓመቱ ከሆነ 18 እስኪሞላው 15 ዓመት፣ 720,000 ብር። የሠራተኛዋን ምግብ አልጨመርንም፤ ሟቿ ትመገበው ከነበረው ጋር ይቻቻላል። ይህ ቁጥር እናትነትን አይተምንም፤ ዝቅተኛውን የመተኪያ ወጪ ብቻ ነው የሚያሳየው። ጉሊት ወይም ጠላ እየሸጠች ቤቱን ትደግፍ ከነበረ ያ ገቢ ለብቻው ይጨመራል።

ውጭ አገር ይሠራ የነበረና ለወላጆቹ ገንዘብ ይልክ የነበረ ልጅ ለዕረፍት መጥቶ እዚህ በመኪና አደጋ ቢሞት፣ የሐዋላ ደረሰኞቹ ከሁሉ የበለጡ ማስረጃዎች ናቸው። የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ደረሰኝ ተሰብስቦ አማካዩ ይወሰድ። በሰርግ ወይም በሕመም ጊዜ የተላከ አንድ ትልቅ ገንዘብ ከአማካዩ ውስጥ ቢወጣ ይሻላል፤ ካልወጣ ተከሳሹ አውጥቶ ሌላውንም ያጠራጥርበታል።

ስለ ዕድሜ ማስረጃ አንድ ነገር። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱ ልጆች በጊዜው የወጣ የልደት ምስክር ወረቀት ላይኖራቸው ይችላል። የክርስትና ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ይፈለግ። ቀኑ በኢትዮጵያ ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ተለይቶ ይጻፍ፤ ሆስፒታል በአንዱ፣ ቀበሌ በሌላው ሲጽፉ የልጅ ዕድሜ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይዛባል። በምሳሌያችን አንድ ዓመት ለአንድ ልጅ 24,000 ብር ነው።

ከካሳው ላይ ምን ይቀነሳል?

ሟች ራሱ ለአደጋው አስተዋጽኦ ካደረገ በቁጥር 2098 መሠረት ካሳው በዚያው መጠን ይቀንሳል። ፍርድ ቤቱ የሟችን ጥፋት 25 በመቶ ቢያደርገው 1,896,000 ብር ወደ 1,422,000 ብር ይወርዳል። ስለዚህ የትራፊክ ፖሊስ የአደጋ ፕላን በጊዜ መታየት አለበት። የባለመኪናው ኃላፊነት ግን ጥፋት ባይኖርበትም የሚመጣ ነው፤ ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ሾፌሩ በወንጀል ነፃ ቢወጣም የፍትሐ ብሔሩ ክስ አይሞትም፤ በቁጥር 2149 መሠረት የወንጀል ፍርድ ቤት ነፃ ማለቱ ለካሳው ዳኛ አስገዳጅ አይደለም።

የሦስተኛ ወገን መድን ሌላው መደናገሪያ ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ለሞት የሚከፈለውን ጣሪያ 40,000 ብር አድርጎ ነው የወጣው፤ ክስ ሲዘጋጅ በጊዜው የሚሠራበትን ጣሪያ ከፖሊሲው ላይ ማየት ያሻል። ዋናው ነጥብ ይህ ጣሪያ የመድን ድርጅቱ እንጂ የባለመኪናው አለመሆኑ ነው። ፍርድ ቤቱ 1,422,000 ብር ቢወስን መድን ድርጅቱ እስከ ጣሪያው ይከፍላል፤ ቀሪው በባለቤቱ ላይ ነው። የመድኑን ገንዘብ ሲቀበሉ «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ መፈረም ቀሪውን በሙሉ አደጋ ላይ ይጥላል። ከመፈረም በፊት ይነበብ፤ «ከመድን ሽፋኑ ልክ የተቀበልኩት ብቻ» ተብሎ ይስተካከል። ገጭቶ ላመለጠና መድን ለሌለው መኪና ደግሞ የመድን ፈንድ አለ።

ዕድር የከፈለው ገንዘብ ከካሳው አይቀነስም ብሎ አጥብቆ መከራከር ይገባል። ሟች በየወሩ ሲያዋጣ የኖረው የራሱ ገንዘብ ነው፤ ለገጪው የተከፈለ ውለታ አይደለም።

የሞራል ካሳ ደግሞ አለ፤ በቁጥር 2116 ጣሪያው 1,000 ብር ነው። በ1952 ዓ.ም. የተቀመጠው ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ ተጽፎ መገኘቱ የሚያስቆጭ ነው፤ ሊሻሻል ይገባዋል። ቢሆንም ይጠየቅ። የቀብርና ከሞት በፊት የነበረ የሕክምና ወጪ በደረሰኝ ለብቻው ይጨመር።

ተጎጂው ካልሞተስ? ያኔ ቤተሰቡ በስሙ አይከስም። ተጎጂው ራሱ ያጣውን ገቢ በሙሉ ይጠይቃል፤ የልጆቹ ድርሻ በዚያ ውስጥ ስላለ ደግሞ መጨመር አይቻልም። እዚህ የሚሠራው ስህተት የሐኪሞች ቦርድ የሰጠውን መቶኛ እንዳለ በደመወዝ ላይ ማባዛት ነው። አንድ ዓይኑን ያጣ የጭነት መኪና ሾፌር ቦርዱ 30 በመቶ ቢለውም፣ መንጃ ፈቃዱን ካጣ ከሙያው ያጣው መቶ በመቶ ነው።

አደጋው በሥራ ላይ ሲሆን

በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ለሞተ ሠራተኛ ስሌቱ ቀጥ ያለ ነው። ሠራተኛው በጡረታ ዐቅድ የተሸፈነ ከሆነ የጡረታ ሕጉ ይታያል፤ ላልተሸፈነው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአምስት ዓመት ደመወዝ ያህል ካሳ ያስከፍላል። ክፍፍሉ ለሕጋዊ ባል ወይም ሚስት 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ 10 በመቶ፣ በሟች ይረዱ ለነበሩ ወላጆች ለእያንዳንዳቸው 10 በመቶ ነው። ድምሩ ከ100 ከበለጠ በየድርሻው ይቀነሳል፣ ካነሰ ይጨመራል። የቀብር ወጪውም ከሁለት ወር ደመወዝ አያንስም።

የወር ደመወዙ 10,000 ብር ከሆነ በዓመት 120,000፣ በአምስት ዓመት 600,000 ብር። ሚስት፣ ሦስት ልጆችና እናት ካሉ 50፣ 30 እና 10፤ ድምሩ 90። 600,000 ብሩን በ90 ከፍለን በየድርሻው ስናባዛ ሚስት 333,333 ብር ከ33 ሳንቲም፣ እያንዳንዱ ልጅና እናት 66,666 ብር ከ67 ሳንቲም ያገኛሉ። ሚስት፣ ሰባት ልጆችና ሁለት ወላጆች ቢኖሩ ድምሩ 140 ይሆናል፤ ሚስት 214,285 ብር ከ71 ሳንቲም፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው 42,857 ብር ከ14 ሳንቲም ይደርሳቸዋል። ሁለት ልጆች ብቻ ከሆኑ 20 በመቶው ወደ 100 ያድግና 300,000 ብር በነፍስ ወከፍ ይሆናል። «የእኛ ድርሻ 20 በመቶ ብቻ ነው» ብሎ 120,000 ብር ከፍሎ የሚያሰናብት አሠሪ ቢኖር ሕጉን በግማሹ ነው ያነበበው።

ደመወዝ ሲባል መደበኛው ደመወዝ ነው፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያና አበል አይገቡበትም። ወላጆች ይረዱ እንደነበር ማስረዳት አለባቸው፤ ልጆችና ሚስት ግን ዝምድናቸውን ማስረዳት ይበቃቸዋል።

ጊዜ፣ ሽምግልናና የልጆች ገንዘብ

ከውል ውጭ የሆነ የካሳ ክስ ይርጋው፣ ማለትም ክሱ ካልቀረበ መብቱ የሚቀርበት የጊዜ ገደብ፣ በቁጥር 2143 መሠረት 2 ዓመት ነው፤ ጉዳቱ ረዘም ያለ ይርጋ ካለው ወንጀል የመጣ ከሆነ ያ ረዘም ያለው ይሠራል። ከመድን ድርጅት ጋር መመላለስ ጊዜውን ያቆመዋል ብሎ መጠበቅ ግን አይገባም። የሥራ ክርክር ደግሞ ከዚህም ያጠረ ነው፤ በመርህ ደረጃ 1 ዓመት።

ከሀዘኑ ቤት ሳይወጣ ሽማግሌ ይመጣል። እርቁ መልካም ነው፤ ሾፌሩም ብዙ ጊዜ ድሀ ነው። ነገር ግን ይቅርታውና የልጆቹ ቀለብ በአንድ ወረቀት አይጻፉ። እናት የራሷን ድርሻ መተው ትችላለች፤ የ4 ዓመት ልጇን 336,000 ብር ለሽማግሌ ክብር ብላ እንድትተው ማንም ሊያግባባት አይገባም። የልጆችን ድርሻ የሚነካ ስምምነት ፍርድ ቤት ቀርቦ ይታይ።

ገንዘቡ ሲከፈልም የልጆቹ ድርሻ በየስማቸው በባንክ እንዲቀመጥና ሞግዚቷ ለትምህርትና ለኑሮ የሚያስፈልገውን በፍርድ ቤት ፈቃድ እያወጣች እንድትጠቀም በዚያው ማመልከቻ መጠየቅ ይቻላል። በፍርዱ ላይ የእያንዳንዱ ልጅ ስምና ቁጥር ተለይቶ ካልተጻፈ ግን ባንኩ የሚከፍተው ሂሳብ አይኖረውም፤ ስለዚህ ፍርዱ እንደተነበበ ግልባጩን ወስዶ መስመር በመስመር ከክሱ ጋር ማመሳከር፣ የጎደለ ካለ ወዲያው እንዲታረም ማመልከት ያስፈልጋል።